ለእኔ የተቀዳው ደም

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ክንዷ ላይ ጥጥ ለጥፋ ወደ ቤት ገባች። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ «መገንጠያው ላይ ድንኳን ተክለው ደም ይቀበላሉ፤ ከጓደኞቼ ጋር ሰጥተን መጣን» አለችና የሚበላ ፍለጋ ወደ ጓዳ ዘለቀች። በቃ፣ ወሬው ይኸው ነው። ገበያ ደርሳ እንደመጣች ሁሉ ያንን ተናግራ ምሳዋን መብላት ጀመረች። እኔ ግን አላስቀመጠኝም። ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ። ድንኳኑ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ በሚለይበት በኩል ተተክሏል። የባጃጅ ሾፌሮች ባጃጃቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ በአልጋው ላይ ተጋድሞ በግራ እጁ ስልክ ይነካካል፣ ቀኝ እጁን ለነርሷ ሰጥቷታል። ከውጭ የቆሙት ጓደኞቹ «ትንሽ አስቀሩለት፣ ማታ ኳስ አለበት!» እያሉ ይስቁበታል። ዝም ብዬ ሳይ ጊዜ አንዷ ልጅ ወጣ ብላ «አባባ፣ እርስዎም ሊሰጡ ነው?» አለችኝ፤ እየቀለደች መሆኑ ያስታውቃል። «እኔስ አልሰጠሁም፤ ወንድሜ ግን ሰጥቶልኛል፣ ድሮ» አልኳት። ሳቀችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም ከድንኳኑ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግን ወረታ ውስጥ አልነበርሁም፤ ማለቴ በዛሬዋ ወረታ ውስጥ።

ያን ጊዜ ወረታ ማለት ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙባት፣ ከመገናኛው ግራና ቀኝ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች የተጠጋጉባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ሩዝ ገና ወደ ሜዳችን አልገባም፤ ሰው ጓያና ሽምብራ፣ ጤፍና ኑግ ነበር የሚዘራ። ዛሬ በከተማው ስትሄድ አፍንጫህን የሚሞላው የሩዝ ወፍጮ ብናኝ ነው። ያኔ የሚሸተው ኑግ ነበር፤ በየጓሮው የሚቆላ ኑግ፣ ከዚያ በታች የላምና የእርጥብ መሬት ሽታ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ስሙኒ ያለው ሰው ከነዳቦው ጠጥቶ እግሩን አነባብሮ ራዲዮ ይሰማል። ራዲዮው የሻይ ቤቱ ጌታ ከራሱ በላይ የሚያከብረው ዕቃ ነበር፤ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ዘፈን ሲጀምር ብቻ ጨርቁን ይገልጥለታል። ከሻይ ቤቱ አጠገብ የሼህ ይማም ሱቅ አለ። አቡጀዲው፣ ላምባው፣ ስኳሩ፣ ኮንጎ ጫማው ሁሉ በአንድ ላይ ይሸታል። በሱቁ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን በእግሩ እየመታ ይውላል። እኔ ገና ያላገባሁ ጎረምሳ ነበርሁ። ከሼህ ይማም ሱቅ ሰማያዊ ቴትሮን ሸሚዝ ገዝቼ ነበር፤ ቴትሮን ያኔ ብርቅ ነው፣ ታጥቦ ሳይተኮስ ይለበሳል። ካኪ ቁምጣዬን ከሥር፣ ያንን ሸሚዝ ከላይ አድርጌ ጋቢዬን ሆነ ብዬ ትከሻዬ ላይ ብቻ እጥለው ነበር፤ ሸሚዙ እንዲታይ።

ያን ሸሚዝ ለብሼ ነው የተወጋሁት። እንዲያ ባለ ልብስ ከብት ጥበቃ መውጣት የጎረምሳ ሞኝነት ነው፤ ግን የዚያን ቀን ከጓያ ማሳችን ማዶ የሚያልፉ ልጃገረዶች እንዳሉ አውቃለሁ። ክረምቱ አልቆ ውኃው ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ሜዳ የሸሸበት፣ ወደ ደጋው የወጣው ከብት የሚመለስበት ሰሞን ነው። ቦታውን የማያውቅ ሰው ክረምት ላይ መጥቶ ሜዳውን ቢያይ ሐይቁ ሰፍቶ የመጣ ይመስለዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ነው። የእኛ ኮርማና የጎረቤታችን ኮርማ ለወራት ሳይተያዩ ቆይተው በዚያ ሣር ላይ ተገናኙ። ቀንድ ለቀንድ ተያያዙ። ዱላዬን ይዤ ከመካከላቸው ገባሁ። የጎረቤታችን ኮርማ ዞር ሲል በግራ በኩል ከጎድኔ በታች አገኘኝ። ሕመሙን ዛሬ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ሸሚዙ ከሰውነቴ ጋር ሲጣበቅ፣ የሞቀ ነገር ወደ ጭኔ ሲወርድ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ደሴ ከሞፈሩ ላይ ሮጦ ደረሰ። አያ ደሴ እንለው ነበር፤ አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ያሳደገን እሱ ነው። ኮርማን በቀንዱ ይዞ የሚያንበረክክ፣ ንግግሩ ግን ከእርሻ በሬ የማይበልጥ ዝምተኛ ሰው። እህቴ ዘነቡ ደግሞ ከእሱ ታናሽ ከእኔ ታላቅ ናት፤ የእሱን ዝምታ ሁሉ እሷ ነበረች የምትናገርለት። የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ አነሣኝ። ጭቃው ገና ጉልበት ይውጣል፤ ተሸካሚዎቹ እየተቀያየሩ እስከ ወረታ አደረሱኝ። መንገዱን ሁሉ ዘነቡ ነጠላዋን ጠቅልላ ቁስሌ ላይ ተጭና ከጎኔ ትሄድ ነበር። መገናኛው ላይ ኑግ የጫነ መኪና ቆሟል። ሾፌሩ አየን፤ አንድም ቃል ሳይጠይቅ ወርዶ የኑጉን ጆንያዎች አስተካክሎ አልጋ አደረገልኝ። ከዚያ ሆስፒታል እስካለበት ትልቅ ከተማ ድረስ በኑግ ላይ ተኝቼ ሄድሁ። አቧራማው መንገድ ሲያነጥረን አያ ደሴ ራሴን በጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ስንደርስ መጀመሪያ ያደረጉት ቴትሮኔን በመቀስ መቅደድ ነው። «አትቅደዱት!» ብዬ መጮሄን ዘነቡ እስከ ዛሬ እያነሣች ትስቅብኛለች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፀጉሩን እንደ ዘመኑ ጎፈሬ ያሳደገ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ። ሆዴን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠና «ጣፊያው ሳይቀደድ አልቀረም። መከፈት አለበት። ከዚያ በፊት ግን ደም ያስፈልገናል» አለ። ያኔ እንደ ዛሬው ድንኳን ተተክሎ የሚሰበሰብ፣ በፍሪጅ ተቀምጦ የሚጠብቅ ደም የት አለ! ለታመመ ሰው ደም የሚሰጠው ዘመዱ ነው፤ ዘመድ ከሌለው የለውም። ዘመድ ያለውም ቢሆን ፈሪ ነው። በእኛ አገር ደሙ የተቀዳ ሰው ሞፈር አይጨብጥም፣ ልጅም አይወልድም ይባል ነበር። ዘነቡ ቀድማ እጇን ዘረጋች፤ መርምረው አይገጥምም ሲሏት ሐዘን የደረሰባት ያህል አለቀሰች። የአያ ደሴ ገጠመ። ያ ኮርማ አንበርካኪ ሰውዬ መርፌውን ማየት አልቻለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ፣ ሲጨርስ እንደገና እየጀመረ ደሙን ሰጠ። ያኔ ደም የሚቀዳው በጠርሙስ ነው። ሲጨርስ ሻይ በስኳርና ብስኩት ሰጡት፤ ሻዩን ጠጣ፣ ብስኩቱን ግን ለልጆቹ ብሎ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው። ያቺን አንዲት ጠርሙስ ስሜን ጽፈው አስቀመጧት።

ከኦፕራሲዮን ስነቃ ረፋድ ሆኗል። ክፍሉ ረጅም አዳራሽ ነው፤ በመካከሉ መጋረጃ ተዘርግቶ ወዲህ ወንዶች፣ ወዲያ ሴቶች ይተኛሉ። ጆሮዬ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ከንፈሬ ደርቋል። እጄን ወደ ዓይኔ አቅርቤ ሳየው የእኔ አልመሰለኝም፤ እንደ ሰም ነጥቷል። ዘነቡ ይህንን አይታ ሐኪሙ ገና ከበሩ ሲገባ ተቀበለችው።

«ዶክተር፣ ወንድሜ እንደ ሬሳ ገርጥቷል። ደሙን ምነው አትሰጡት? ለሱ አይደለም ወይ የተቀዳ?»

ሐኪሙ አልተቆጣም። አጠገቤ ተቀምጦ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ገለጠ፣ የእጄን ትርታ ያዘ፣ ከአልጋው ሥር ያለውን የሽንት ዕቃ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ አስረዳት።

«ጣፊያውን አውጥተናል፤ መፍሰሱ ቆሟል። ደም ጎድሎታል፣ ልክ ነሽ። ግን የጎደለበት ሁሉ ደም አይሰጠውም። የሰው ደም እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ነው፤ ሳያስፈልግ ሲሰጥ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ልቡ ትንሽ ትፈጥናለች እንጂ አትሮጥም። ግፊቱ አልወረደም። ይሸናል፣ ያወራል፣ ያውቀናል። ከእነዚህ አንዱ ከተለወጠ ወዲያው እሰጠዋለሁ፤ ጠርሙሱ ለዚያ ነው የተቀመጠው።»

እሱ ሲወጣ ከአጠገቤ አልጋ ላይ የተኛ ሰው፣ እግሩን የተሰበረ ነጋዴ ነው፣ ወደ ዘነቡ ጠጋ ብሎ «እመኑኝ፣ ይሸጡታል» አላት። ከዚያ በኋላ ዘነቡን ማን ያስችላት! ወደ ኮሪደሩ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ነርሷ ባለፈች ቁጥር ጠርሙሱን ይዛ እንደሆነ እጇን ታያለች። አያ ደሴ ግን ጋቢውን ተከናንቦ ከአልጋዬ ግርጌ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። «መፍሰሻው ከተደፈነ መሬቱ ቀስ ብሎ ይጠግባል» አለኝ። የዚያን ዕለት ከእሱ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ።

ከሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ወዲያ ግርግር ተሰማ። አንዲት ሴት ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥታ መምጣቷ ነው። ከአንበሳሜ አካባቢ የመጣች ናት፤ ምጥ ጸንቶባት ባሏ ብቻውን በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና አድርጎ አምጥቷት፣ ሆዷ ተከፍቶ ሕፃኑ በሕይወት ወጥቷል። የሕፃኑን ልቅሶ ሰምተን ሁላችን «እሰይ» አልን፤ ነጋዴው እንኳ እልል ማለት ቃጣው። የእሷ ድምፅ ግን አይሰማም። ነርሶቹ ይሮጣሉ። የሚንጠባጠበው የስኳር ውኃ ተቀያየረ። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሙ መጋረጃውን ገልጦ ወደ እኛ መጣ። ጎፈሬው ላብ ጠጥቶ ተለጥፏል። እኔን ሳይሆን አያ ደሴን ተመለከተና እሱም እንደ ገበሬ ቁጢጥ ብሎ ከፊቱ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ልጠይቅዎ የመጣሁት ከባድ ነገር ነው። ያቺ እናት ከወለደች በኋላ ማሕፀኗ መድማቱን አልተወም። ሰፍተናል፣ የምንችለውን አድርገናል፤ መፍሰሱ አሁን ቀንሷል። ግን የፈሰሰው ብዙ ነው። ልቧ ትሮጣለች፣ ግፊቷ ወርዷል፣ ስትጠራ አትመልስም። ደም ካላገኘች አትተርፍም። የባሏ ደም አልገጠመም፤ ሌላ ዘመድ አብሯት የለም፤ ሌላ ሰጪ እስክንፈልግም አትቆይም። የእርስዎ ግን መርምረን አይተነዋል፣ ይገጥማታል።»

ዘነቡ ብድግ አለች። «ደግሞ ይኸን አመጣችሁ! ወንድሜ እዚህ ገርጥቶ ተኝቶ፣ በስሙ የተቀመጠውን ለማናውቃት ሴት? ንገረው እንጅ አያ፣ ዝም አትበል!»

አያ ደሴ ሐኪሙን ጠየቀው፤ «ለሱ አያስፈልግም ብለዋል፣ ጧት። እንዲያው ቢሳሳቱስ?»

«ልሳሳት እችላለሁ» አለ ሐኪሙ። «ለዚህ ነው ሳልጠይቅ ያልወሰድሁት። አሁን ባለበት ሁኔታ ያለ ደም ይድናል ብዬ አምናለሁ። ሌሊቱን ከአጠገቡ አልለይም፤ ከተበላሸበትም እዚህ ግቢ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ቀስቅሼ ደም እፈልጋለሁ። ከዚህ በላይ ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

አያ ደሴ ወደ እኔ ዞረ። «ሞላ፣ ሰውነቱ ያንተ ነው። ምን ትላለህ?»

ምን ልበላችሁ። በዚያ ሰዓት ያቺ ጠርሙስ ለእኔ ከሜዳው ሁሉ ትበልጥ ነበር። አፌን ብከፍት «የእኔ ናት» እንደምል አውቃለሁ። በአንድ በኩል ደግሞ የሕፃኑ ድምፅ ይሰማኛል፤ እንደ ጥጃ ነው የሚያለቅስ፣ እናቱን እንዳጣ ጥጃ። «ደሙ ያንተ ነው፤ አንተ እንዳልህ» አልሁት። ነገሩን ወደ እሱ መግፋቴ ነበር፤ እሱም ገብቶታል። ተነሣ። ነጭ ለበስ ሰዎች ከመካከል አሉ፣ ሴቶች የተኙበት ነው ሳይል መጋረጃውን ገልጦ ወደ ወዲያኛው ገባ። ብዙም አልቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ስጧት» አለ።

«አያ!» አለች ዘነቡ።

«ባሏ እግሯን በጋቢው እያሸ ያሞቃል፣ ዘነቡ። ልጁን በደረቱ ሸጉጦ፣ በአንድ እጁ እግሯን ያሻል። ማንም የለው። ከጡት የወጣ ወተት ተመልሶ ወደ ላሚቱ አይገባ፤ ከእኔ ወጥቷል፣ ለጠማው ይሁን።» ከዚያ ሐኪሙን «ይሂዱ እንጅ፣ ምን ያስቆምዎታል» አለው።

የቀረውን ሰዓት እንዴት እንዳለፈ ቁርጥራጩን ነው የማስታውስ። ነርሷ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ስታልፍ አየኋት። ዘነቡ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች፤ አያ ደሴን አላናገረችውም። ሐኪሙ ቃሉን ጠበቀ፤ ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ ሲመላለስ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሿሿ ይሰማል። እጄን ሲይዘው ጣቱ ቀዝቃዛ ነበር። ልቤ እንዳትሮጥ በልቤ እለምናታለሁ፤ ሰው ልቡን እንዲህ ብሎ ሲለምን አስቡት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከመጋረጃው ወዲያ ደከም ያለ ድምፅ «ውኃ» አለ። ወዲያው ባሏ ጮክ ብሎ አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ አያ ደሴ ጋቢውን በራሱ ላይ ሳበ። ነጋዴው ዘነቡን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

እኔም ዳንሁ። እንዲህ ብዬ በአንድ ቃል ልጨርሰው አልወድም፤ ምክንያቱም በአንድ ቃል አልዳንሁም። ያን በጋ በሙሉ ዳገት ስወጣ የሚደክመኝ፣ ስነሣ ዓለም የሚዞርብኝ ሰው ነበርሁ። ጥቁር የብረት ክኒን ሰጥተውኝ ነበር፤ ጉበትና ጎመን ብላ ተብዬ ጎመን እስኪያስጠላኝ በላሁ። ዘነቡ ሳህኑን ስታቀርብልኝ «ያ ደም ቢሰጥህ ኖሮ ይኸን ጊዜ ታርስ ነበር» ትላለች። እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሐኪሙ ግን ስንወጣ ሰውነት ራሱ ደሙን ይተካል፣ ጊዜ ይፈልጋል ብሎን ነበር፤ ተካም። ሞፈሩን ግን ያኔ እንደተውሁት ቀረሁ። ወደ ወረታ ወጥቼ ሼህ ይማም ዘንድ ሸቀጥ እየመዘንሁ ሥራ ተማርሁ፤ በኋላ ሩዝ ሲመጣ ትንሽ ወፍጮ ተከልሁ፤ ቤትም ትዳርም ከዚያ ወጣ። አንዳንድ ሰው ያ ኮርማ ባለሀብት አደረገህ ይለኛል። ይበሉ። የወጋኝን ኮርማ ጎረቤታችን በዚያው ዓመት ለፋሲካ አርዶ ሥጋውን ሲልክልን ዘነቡ አልቀበልም ብላ መልሳለች፤ አያ ደሴ ሲሰማ «ኮርማው ምን አጠፋ» ብሎ ሄዶ አብሮ በላ።

ሴትዮዋ ስሟ ጥሩወርቅ ነው። ስንለያይ ገና ከአልጋ አልተነሣችም ነበርና ፊቷን እንኳ በደንብ አላየሁትም። በዓመቱ ግን ቁሐር ሚካኤል ሲነግሥ፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ከባሏ ጋር «የደሴ ቤት የትኛው ነው?» እያለች ስትጠይቅ አገኘናት። ባሏ አንድ ጋን ጠላ በአህያ ጭኗል። ዳቦው ከሰፌዱ ይተርፋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ የክብር ስጦታ፣ አክፋይ የምንለው፣ የሚመጣው ለአማት፣ ለክርስትና አባት፣ ለሥጋ ዘመድ ነው። አያ ደሴ አፍሮ ከበሩ ቆሞ ቀረ።

«ምነው ይኸን ሁሉ? እኔ ምን አደረግሁ?» አላት።

«ይኸን አደረጉ» አለችና ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችው። ልጁ ጢሙን ይዞ ጎተተው።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ይመጣሉ። ከአንበሳሜ ቁሐር ድረስ፣ መጀመሪያ በእግር፣ በኋላ በመኪና፣ አሁን አሁን ደግሞ በባጃጅ። አያ ደሴም ልጁን ክርስትና ባያነሣውም ሲዳር በሬ ይዞ ሄዷል። ዘነቡ እንግዳ ስለሆኑ ታስተናግዳቸዋለች፤ ከዚያ ያለፈ ግን አታወራም። ጥሩወርቅ «እታለም» ስትላት «አቤት» ብላ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። ለዓመታት እንዲህ ኖርን። ቂም ነው ለማለት ይከብደኛል፤ የዚያን ከሰዓት በኋላ ፍርሃቷ ከሆዷ ስላልወጣ ይመስለኛል። እኔን ልታጣ ነበርና።

አያ ደሴ ያረፈው ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ዕድሜ ጠግቦ፣ በአልጋው ላይ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከበውት። ለቅሶው ላይ የፎገራ ሰው ሁሉ ወጣ፤ የወረታ ነጋዴ ሁሉ፣ ከሼህ ይማም ልጆች ጀምሮ፣ በመኪና እየተጫነ መጣ። ቀብሩ አልቆ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥን ከውጭ «ወንድሜ! ወንድሜን!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ጥሩወርቅ ናት። መርዶውን አርፍዳ ሰምታ ቀብር ያመለጣት ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን አስራ፣ ደረቷን እየመታች ገባች፤ ያ በአባቱ ደረት ተሸጉጦ የነበረው ልጅ አሁን ጢሙ ሸበት ያለ ጎልማሳ ሆኖ ክንዷን ይዟታል። ሰው ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሰ። እሷ ግን አልቅሳ ስታበቃ የምትቀመጥበት ጠፋት። ቤተሰቡ ከተቀመጠበት ምንጣፍ ዳር ቆመች። ከእንግዶቹ ጋር ልትቀመጥ ወደ በሩ መመለስ ጀመረች።

ከደብረ ታቦር የመጡ አንድ የሩቅ ዘመዳችን፣ ዘር መቁጠር የሚወዱ ሽማግሌ፣ ወደ ዘነቡ ጎንበስ ብለው «ይች ማን ናት? ደሴ በአንበሳሜ በኩል እህት ነበረው እንዴ?» ሲሏት ሰማሁ።

ዘነቡ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ነበረው» አለች። ከዚያ ፈቀቅ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችና፣ በሩ ጋ ለደረሰችው ሴት እጇን ዘረጋችላት።

«የት ትሄጃለሽ? ነይ፣ እዚህ ተቀመጭ።»